ባለ አንድ መኝታ ቤት ያገኘሁት እንዲህ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ የሚከራይ አዲስ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ፍለጋ ሦስት ሳምንት ተንከራተትኩ። ቴሌግራም ላይ ያየሁት ፎቶና ደላላ የሚያሳየኝ ቤት አልገናኝ አለኝ። በመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ አራብሳ ሄጄ በእግሬ ዞርኩ። ጥበቃዎችንና ባለሱቆችን ጠየቅኩ። አንድ ጥበቃ ከአከራይዋ ጋር በቀጥታ አገናኙኝ። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ከመስማማቴ በፊት ጎረቤት አንኳኩቼ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እዚህ ድረስ እንደሚወጣ ጠየቅኩ። የላይኛው ፎቅ ትልቁ ጣጣ እሱ ነው! ቆጣሪው የብቻ መሆኑንም አየሁ።

አከራይዋ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ሲጠይቁኝ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ እንደማይፈቅድ በትህትና ነገርኳቸው። እሺ አሉ። የሁለት ዓመት ውል ጽፈን ወረዳ አስመዘገብን።