ከኤክሴል የገባ መረጃ ባዶ ሆኖ ሲገኝ መንስኤውን እንዴት እንፈልግ

ለገሃር አካባቢ በሚገኘው ቢሯችን ከየቅርንጫፉ የሚላኩ የኤክሴል ፋይሎችን ወደ አንድ ዳታቤዝ ማስገባት የዘወትር ሥራዬ ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ባዶ ሴል ሲገኝ ብዙዎች ዜሮ ሞልተው ያልፋሉ፤ ይህ ግን ስህተቱን ይሸፍናል እንጂ አያርመውም። ምክንያቱም ከመነሻው ያልተጻፈ መረጃና ሲገባ የጠፋ መረጃ መፍትሔያቸው ለየቅል ነው።

ሁለቱን ለመለየት በምንጩ ፋይል የእያንዳንዱን ዓምድ የተሞሉ ሴሎች «ካውንትኤ» (COUNTA) በተባለው ፎርሙላ ይቁጠሩ፤ ከዚያም የገባውን ዓምድ ቆጥረው ያነጻጽሩ። ቁጥሩ እኩል ከሆነ ጉድለቱ ቅጹ ሲሞላ የተፈጠረ ስለሆነ ላኪውን መጠየቅ ይገባል። ካነሰ ደግሞ ባዶ የወጡትን ረድፎች ብቻ ለይተው ከምንጩ ጎን ያስቀምጧቸው።

በእኛ አገር ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው የቀን ዓምድ ነው። በአንድ ፋይል ላይ ባዶ የወጡትን ረድፎች ስለይ ምንጩ ላይ ያገኘሁት 29/2/2017፣ 30/2/2017 እና 5/13/2017 የሚሉ ቀኖችን ነበር። ጸሐፊው ጥቅምት 29፣ ጥቅምት 30 እና ጳጉሜን 5 ማለቱ ነው፤ ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ የተስተካከለው ፕሮግራም ግን የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ በመሆኑ፣ በዚያ ዓመት የሌሉትን የፌብሩዋሪ 29 እና 30 ቀኖች እንዲሁም 13ኛውን ወር ሳይቀበል ቀርቷል። ከባዶዎቹ ይልቅ የሚያሳስቡኝ ግን በሰላም የገቡት ናቸው። 12/2/2017 ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2017 ተብሎ ይመዘገባል፤ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ግን በፈረንጆቹ ኦክቶበር 22 ቀን 2024 ነው። ስለዚህ በቀን ዓምድ ላይ እንዲህ ያሉ ጥቂት ባዶዎች ካዩ የተሞሉትንም ሁሉ ይጠርጥሩ። እኔ የምመክረው ቀንን፣ ወርንና ዓመትን በሦስት ዓምዶች በቁጥር አስሞልቶ፣ ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የመለወጡን ሥራ በኋላ በአንድ ቦታ ማከናወን ነው።

ሁለተኛው መንስኤ ቁጥርና ጽሑፍ የተቀላቀሉበት ዓምድ ነው። የቤት ቁጥርን እንውሰድ፦ አብዛኛው ነዋሪ 412 ወይም 087 ሲል፣ አንዳንዱ «አዲስ» ወይም «412/ሀ» ብሎ ይሞላል። ማይክሮሶፍት አክሰስ የተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም የኤክሴል ማንበቢያ የዓምዱን ዓይነት የሚገምተው እንደ ነባሪው ቅንብር ከመጀመሪያዎቹ 8 ረድፎች ነው፤ እነዚህ ቁጥር ብቻ ከሆኑ ከታች ያለው «አዲስ» ባዶ ይሆናል። ፋይሉን በሲኤስቪ (CSV፣ ዓምዶቹ በኮማ የሚለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) አስቀምጠው ሲያስገቡ ዓምዱ ጽሑፍ መሆኑን ራስዎ ይግለጹ። ይህም ኤክሴሉ ላይ ሳይጠፋ የቆየውን የስልክ ቁጥር መነሻ ዜሮ ያድናል። ሲኤስቪ ሲመርጡ ዩቲኤፍ-8 (UTF-8) የሚለውን የፊደል አመዘጋገብ መውሰድ ግድ ነው፤ አለዚያ የአማርኛው ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል። 16 አሃዝ ያለው የፋይዳ ካርድ ቁጥር ግን ኤክሴል ላይ ሲጻፍ ጀምሮ ጽሑፍ መሆን አለበት፤ ኤክሴል የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ የመጨረሻው ወደ ዜሮ ከተለወጠ በኋላ አይመለስም።

የተዋሃዱ ሴሎችን ማግኘት ቀላል ነው። «አራዳ» የሚለው የክፍለ ከተማ ስም በሃያ ረድፎች ላይ ተዘርግቶ ቢታይም የተጻፈው የላይኛው ሴል ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ውህደቱን ፈትተው ስሙን ወደ ታች ይሙሉት።

ሁለት ሠንጠረዦች በስም ሲዛመዱ የሚፈጠረው ባዶ ደግሞ ከፊደላችን ይመነጫል። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለእኛ አንድ ስም ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ ሁለት ናቸው፤ ከስሙ ኋላ የቀረ ክፍት ቦታም እንዲሁ ዝምድናውን ያፈርሳል። ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው የሚመልስ የማዛመጃ ዓምድ ለብቻው ያዘጋጁ። ሰውየው ስሙን የጻፈበትን ዓምድ ግን እንዳለ ይተዉት።