የአማርኛ ፍለጋን በክፍት ምንጭ ላይብረሪ ውስጥ ለማሻሻል

ድሬዳዋ ውስጥ የሆቴል ወይም የትምህርት ቤት ድረ ገጽ የሚሠራ ባለሙያ የፍለጋ ሳጥን ሲያስገባ አብዛኛውን ጊዜ ዝግጁ የሆነ ክፍት ምንጭ ላይብረሪ፣ ማለትም ማንም ሊያየውና ሊያሻሽለው የሚችል የኮድ ስብስብ ይጠቀማል። ጎብኚው «ሐረር» ብሎ ሲፈልግ «ሀረር» ወይም «ሃረር» ተብሎ የተጻፈው ገጽ ሳይወጣለት ከቀረ፣ ጉድለቱን በራስ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ጠግኖ ማለፍ ይቻላል፤ ሆኖም እርማቱ ላይብረሪው ውስጥ ቢገባ በአማርኛ የሚጽፍ ሁሉ ይጠቀምበታል።

በቅድሚያ ችግሩ በየትኛው ደረጃ እንደሚፈጠር ይለዩ። የፍለጋ ላይብረሪ ጽሑፉን ወደ ቃላት ይከፍላል፣ ቃላቱን ያጠራል፣ ከዚያም የትኛው ቃል በየትኛው ገጽ እንዳለ የሚያሳይ ማውጫ ይሠራል። ሉነር የተባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ለምሳሌ ከቃሉ ግራና ቀኝ ፊደል ያልሆነውን ሁሉ የሚቆርጥ ደረጃ አለው፤ ይህ ደረጃ የሚከተለው ደንብ ግን የሚያውቀው የእንግሊዝኛን ፊደላት፣ አሃዞችንና የግርጌ ሰረዝን (_) ብቻ ስለሆነ «ሐረር» ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ማውጫው ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። ሚኒሰርች የተባለው ሌላ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ግን ቃላትን የሚለየው በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) የክፍተትና የሥርዓተ ነጥብ ምድቦች በመሆኑ አራት ነጥብንም ሆነ ሁለት ነጥብን በአግባቡ ይለያል፤ በእርሱ ላይ የሚቀረው ሥራ የሞክሼ ፊደላት፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ ሆኖ ቅርጻቸው የሚለያይ ፊደላት ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ የፈቃዱን ዓይነትና የአስተዋጽዖ መመሪያውን ያንብቡ፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ቀደም ብሎ መቅረቡን ይፈትሹ፣ ኮዱን ወደ ራስዎ መለያ ፎርክ አድርገው (የራስዎን ቅጂ ፈጥረው) ነባሮቹን ቴስቶች፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹ አጫጭር ፕሮግራሞችን ያስኪዱ። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ሰዓት የፕሮጀክቱን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ብቻ ማውረድ በቂ ነው።

ኮድ ከመንካትዎ በፊት የሚወድቅ ቴስት ይጻፉ፤ በእኔ እምነት ከሥራው ሁሉ ዋጋ ያለው ክፍል ይህ ነው። አንዱ ሰነድ «ከሀረር ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሚኒባስ»፣ ሌላው «ሐረር ከተማ» ይበል፤ በሚኒሰርች «ሐረር» ተብሎ ሲፈለግ ሁለቱም መገኘት ሲገባቸው ሁለተኛው ብቻ እንደሚገኝ ቴስቱ ያሳያል። አማርኛ የማያነብ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ችግሩን በዓይኑ የሚያየው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ቴስት በአንድ ጊዜ ሁለት ችግሮችን ያወጣል። አንደኛው ሞክሼዎቹ ናቸው፦ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። እነዚህን ከነዘራቸው ወደ አንድ ቅርጽ የሚመልስ አጭር ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ይጻፉ፤ ሀ እና ሃን፣ አ እና ኣንም አይርሱ፤ ፈንክሽኑም ማውጫው ሲሠራና ጥያቄው ሲገባ በእኩል እንዲሠራ ያድርጉ። ነገር ግን ተጠቃሚው ፈልጎ የሚያበራው አማራጭ እንጂ ለግዕዝ ፊደል ሁሉ ሳይጠየቅ በራሱ የሚሠራ ነባሪ መሆን የለበትም፤ በትግርኛ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ የተለያየ ድምፅ ስላላቸው አንድ ማድረጉ የትግርኛን ፍለጋ ያበላሻል።

ሁለተኛው ከቃል ፊት የሚጣበቁት ቅጥያዎች «በ»፣ «ከ»፣ «የ» እና «ለ» ናቸው። እነርሱን በጭፍን መቁረጥ የድሬዳዋውን ሰፈር «ከዚራ»ን «ዚራ»፣ «በርበሬ»ን «ርበሬ» ያደርጋል። ስለዚህ ሞክሼዎቹን በመጀመሪያው ፑል ሪኩዌስት (ለውጡ ወደ ላይብረሪው እንዲገባ በሚቀርበው ጥያቄ) አቅርበው ቅጥያውን ለብቻው ለውይይት ያቅርቡ፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ በቅጥያው ላይ የሚነሣው ክርክር ቀላሉን እርማት አብሮ ያዘገየዋል። ቴስቱንም ይህን እንዲከተል፣ «ከሀረር» የሚለውን «ሀረር» አድርገው ያስተካክሉት።

በፑል ሪኩዌስቱ መግለጫ ላይ እያንዳንዱን ፊደል ከዩኒኮድ ቁጥሩ ጋር ይዘርዝሩ፤ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የግዕዝ ፊደላት በትንሹ ስለሚታዩ «ሀ» እና «ሐ»ን መለየት ያስቸግራል። ገምጋሚው ማስተካከያ ሲጠይቅ ለውጡን በያዘው በዚያው የኮድ ቅርንጫፍ ላይ ያክሉበት፣ ለውጡ ከተቀበለም በኋላ አማራጩ እንዴት እንደሚበራ የሚያሳይ አጭር ምሳሌ ለላይብረሪው ሰነድ ያዘጋጁ።