ለመስከረምም ለታኅሣሥም አንድ የጀርባ ቦርሳ፦ ልኩን እንዴት እንምረጥ?

«ስንት ሊትር ልግዛ?» ጥያቄው ሁሌም ይሄ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቶ ማታ ደሴ የሚገባውም፣ እስከ ቦረና ሳይንት ተጉዞ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ማየት የሚፈልገውም እኩል ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ መልሼ «በየትኛው ወር?» እላለሁ። መስከረም መጨረሻ ላይ የምንሸከመውና ታኅሣሥ ላይ የምንሸከመው ጨርሶ አይገናኝም። ሁለት ቦርሳ መግዛት ለብዙዎቻችን የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ አንዱ ቦርሳ ለሁለቱም እንዲሆን አድርጎ መምረጥ ነው ያለው፣ ይቻላልም።

በነገራችን ላይ ይሄ ጥያቄ የአዳኞችም ጥያቄ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቦታ የአደን ወቅት ሙቀቱ ሳይወጣ ይጀምርና በረዶ እስኪጥል ይዘልቃል። አዳኙ መጀመሪያ ላይ በስስ ልብስ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ ወፍራም ጃኬት ይሸከማል፣ ከቀናው ደግሞ ሥጋውን በጀርባው ይዞ ይመለሳል። እኛ አገር አደን ያለ ፈቃድ አይሞከርም፣ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥማ ጭራሽ ክልክል ነው። እኔ የምጽፈው በካሜራና በአቅራቢ መነጽር ለሚያድኑ ነው። የቦርሳው ሒሳብ ግን ያው ነው፣ ከነሱ የምንወስደውም አንድ ጥሩ ነገር አለ፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

1. መጀመሪያ ወቅቱንና ከፍታውን እወቁ

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረጎን ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያላችሁ ወጥታችሁ ደሴ ስትገቡ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋላችሁ። ከዚያ በላይ ያለው የወሎ ደጋ 3,500 ሜትርን በቀላሉ ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብላችሁ አስቡ። እና ከኮምቦልቻ ተነስቶ ደጋ የሚያድር ሰው ከቤቱ ብርድ 10 ዲግሪ ያህል የባሰ ብርድ ነው የሚጠብቀው። የኮምቦልቻ ልጆች ሹራብ አንሷቸው ሲንቀጠቀጡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጥፋታቸው ግልጽ ነው፣ ቦርሳቸውን የሞሉት የኮምቦልቻን አየር እያሰቡ ነው።

የመጀመሪያው ወቅት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው። ምድሩ አረንጓዴ፣ ምንጩ ሁሉ የሚፈስበት ጊዜ። ውሃ አክማችሁ ወይም አፍልታችሁ የምትጠጡ ከሆነ ከቤት ብዙ መሸከም አያስፈልግም። ልብሱም ቀለል ይላል። ግን ዝናቡ ሙሉ በሙሉ አልሄደም፣ ከሰዓት በኋላ ድንገት ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ቀን ፀሐዩ ይፋጃል፣ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ምንጮች እየደከሙ ስለሚሄዱ ውሃም በብዛት ትሸከማላችሁ። የሌሊት ልብሱም፣ ውሃውም በአንድ ጊዜ ይጨምራል ማለት ነው።

2. በታኅሣሥ ዕቃ ለኩ

ቦርሳ ሳትገዙ በፊት የታኅሣሡን ዕቃ በሙሉ ወለል ላይ ዘርግታችሁ ደርድሩ። የመስከረሙን አይደለም፣ የታኅሣሡን። የመኝታ ከረጢት ወይም ብርድ ልብስ፣ ወፍራም ጃኬት፣ ሹራብ፣ የሌሊት ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ምግብ፣ ውሃ፣ ባትሪ፣ ካሜራ። ድንኳን ካለ ከጓደኛ ጋር ተካፈሉት፣ አንዱ ጨርቁን ይያዝ፣ ሌላው ዘንጎቹን።

ከዚያ ካርቶን ፈልጉ። ማንኛውም ሱቅ ይሰጣችኋል። ዕቃውን እየጨመቃችሁ ካርቶኑ ውስጥ ክተቱ፣ ቦርሳ ውስጥም ተጨምቆ ነውና የሚገባው። ሲሞላ ርዝመቱን፣ ወርዱንና ከፍታውን በሴንቲሜትር ለክታችሁ አባዙ፣ ለ1,000 አካፍሉ። ካርቶኑ 50 በ35 በ30 ከሆነ 52,500 ይመጣል፣ ይሄ 52 ሊትር ተኩል ነው። በዓይን መገመት ከፈለጋችሁ ደግሞ ውሃ የምንቀዳበትን ቢጫ ጀሪካን አስቡ፣ እሱ 20 ሊትር ነው። ሁለት ጀሪካን ተኩል ገደማ ማለት ነው የምትፈልጉት።

እዚህ ላይ ስለ ጋቢ ካልተናገርኩ አይሆንልኝም። ጋቢ እወዳለሁ። እናቴ ያስፈተለችውን ጋቢ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም ነበር። ግን ጋቢ ጥጥ ነው፣ ቦታ ይበላል፣ ከረጠበ ደግሞ አያሞቅም፣ ቶሎም አይደርቅም። የመጀመሪያው ቦርሳዬ 30 ሊትር ነበር። ጋቢው ውስጥ አልገባ ስላለኝ ጠቅልዬ ከላይ አሰርኩት። ጥቅምት ላይ ነበር፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዝናቡ መጣ። ማታ ጋቢውን ሁለት ሆነን ስንጨምቀው ውሃው እንደ ምንጭ ወረደ፣ ሌሊቱንም ቁጭ ብዬ አነጋሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያሞቀኝን ነገር ከቦርሳ ውጭ አንጠልጥዬ አላውቅም። የማደሪያ ልብስ ውስጥ የማይገባበት ቦርሳ ትንሽ ነው፣ በቃ። የሱፍ ባና ከጋቢ ይሻላል፣ ቢርስም የተወሰነ ሙቀት ይይዛል፣ ግን ከባድ ነው። በጨርቅ ከረጢት ተጨምቆ የሚገባ የመኝታ ከረጢት ካገኛችሁ ከ10 እስከ 15 ሊትር ብቻ ነው የሚወስደው፣ ለገንዘባችሁ ቅድሚያ እዚያ ላይ ስጡ።

3. ቁጥሩን ወስኑ

ደርሶ መልስ ለሚሄድ ሰው ከ20 እስከ 30 ሊትር ይበቃል። በመስከረም አንድ ሌሊት ለማደር ከ35 እስከ 40። በታኅሣሥ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ከሆነ ከ45 እስከ 55። ከ60 በላይ የሚያስፈልገው ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ለሚያድር፣ ወይም የልጆቹን ዕቃ ለሚሸከም ወላጅ ነው።

አንድ ብቻ ግዙ ብባል የምመርጠው ከ45 እስከ 50 ያለውን ነው። ታኅሣሥን ይችላል፣ መስከረም ላይ ደግሞ ይጠብባል። ይጠብባል ያልኩት ቃል ላይ ነው ነገሩ ሁሉ ያለው።

4. መጥበብ መቻሉን አረጋግጡ

ግማሹ ባዶ የሆነ ትልቅ ቦርሳ መጥፎ ነው። ዕቃው ታች ይከማቻል፣ ሲሄዱ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ትከሻን ወደ ኋላ ይጎትታል። ቁልቁለት ላይ ሚዛን ያስታል፣ ይሄ ደግሞ እንደ አዝዋ ገደል ዓይነት ቦታ አጠገብ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ጎንና ጎኑ ላይ፣ ከላይም ከታችም፣ የማጥበቂያ ማሰሪያ ያለው ይሁን። አራቱንም ስትስቡ ቦርሳው ሆዱን አስገብቶ ጀርባችሁ ላይ ልጥፍ ማለት አለበት። አፉ እየተጠቀለለ የሚዘጋ ከሆነም ጥሩ ነው፣ ዕቃው ሲያንስ ብዙ ጊዜ ትጠቀልሉታላችሁ። ክዳኑ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ጥቂት ሊትር ይጨምርላችኋል። አንዳንዱ ላይ «45+10» የሚል የምታዩት ለዚህ ነው፣ 10ሩ ክዳኑ ከፍ ሲል የሚገኘው ነው።

ከአዳኞች የምንወስደው ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። ብዙው የአደን ቦርሳ ጠንካራ ፍሬም አለው፣ ከረጢቱ ከፍሬሙ ፈቀቅ ይልና ከባዱ ሥጋ በሁለቱ መሃል፣ ጀርባ ሥር ተጠግቶ ይታሰራል። ለምን? ከባድ ነገር ከጀርባ በራቀ ቁጥር የበለጠ ስለሚጎትት ነው። እኛ ሥጋ ባንሸከምም የካሜራ ማቆሚያና ውሃ እንሸከማለን። ባለ ፍሬም ባታገኙም ከባዱን በሁለቱ የትከሻ አጥንቶቻችሁ መሃል፣ ጀርባችሁን አስጠግታችሁ አስቀምጡ። ቀላሉን ታች፣ የዝናብ ልብሱን ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ ሰማዩ ሲጠቁር ወዲያው እጃችሁ እንዲገባበት።

5. ጀርባችሁን ለኩ፣ ከሊትሩ በፊት

ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ረጅምና አጭር ሰው አንድ ዓይነት 50 ሊትር ሊያዝሉ አይገባም። አንገታችሁን ጎንበስ ስታደርጉ ከማጅራት ሥር የሚወጣ ጉብ ያለ አጥንት አለ። ሁለት እጃችሁን ወገባችሁ ላይ ስታደርጉ ደግሞ የዳሌ አጥንታችሁ አናት ይዳሰሳል። ከጉብታው እስከዚያ መስመር ድረስ በልብስ ሰፊ ሜትር ሰው ይለካችሁ። የአብዛኛው አዋቂ ከ40 እስከ 50 ሴንቲሜትር ነው። ቦርሳው ጀርባ ላይ ከማንገቻው መነሻ እስከ ወገብ ቀበቶው ያለው ርቀት ከዚህ ጋር መቀራረብ አለበት። የሚስተካከል ከሆነ እሰየው።

የወገብ ቀበቶው ሆድ ላይ ሳይሆን የዳሌ አጥንት ላይ ይቀመጥ። አብዛኛውን ክብደት መሸከም ያለበት ዳሌ ነው፣ ትከሻ ሚዛን ብቻ ይጠብቅ። አሁን ዋናው ነገር፦ ቦርሳውን ስትሞክሩ የታኅሣሥ ጃኬታችሁን ለብሳችሁ ሞክሩ። በቲሸርት ልክ የሆነ ማንገቻ በወፍራም ጃኬት ብብት ይቆርጣል፣ የደረቱ ዘለበትም አይደርስም። ከዚያ ጃኬቱን አውልቁና ቀበቶውን እስከ መጨረሻው አጥብቁት። መስከረም ላይ በስስ ልብስ ላላ ብሎ ከዳሌ የሚንሸራተት ከሆነ ለሁለቱም ወቅት አይሆንም። በተለይ ቀጠን ያላችሁ ሴቶች ይሄን በደንብ እዩ፣ እኔ ሁለት ቦርሳ የመለስኩት በዚህ ምክንያት ነው።

6. ክብደቱን አስቡ

የተሞላው ቦርሳ ከሰውነታችሁ ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል። 60 ኪሎ የሆነ ሰው 12 ኪሎ። ውሃ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፣ 3 ሊትር ከያዛችሁ ሩቡ አለቀ። ስለዚህ ምግቡ ደረቅና ቀላል ይሁን፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ። ጎመንና ድንቹን እቤት ተዉት። ባዶውን ከ2 ኪሎ ብዙ የሚያልፍ ቦርሳም ከሆነ ሁለቴ አስቡበት።

7. ሱቅ ስትገቡ

ዕቃችሁን በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። አዎ፣ የታኅሣሡን ዕቃ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ነጋዴ «እህቴ፣ ትልቁን ውሰጂ፣ ትልቅ ነገር አይጠላም» አለኝ። «ቆይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ልሙላው» አልኩት። ሞላሁት፣ 70 ሊትር የተባለው ቦርሳ የ50ውን ዕቃ አልያዘም። ጽሑፉን አትመኑ፣ በካርቶኑ ዘዴ ራሳችሁ ለኩ። ነጋዴውም አልተቆጣም፣ እንዲያውም ሌሎቹን አውርዶ አብሮኝ ለካ።

ሰልባጅ የሚገዛ ሰው ጥሩ ዕቃ ሊያገኝ ይችላል፣ ግን አራት ነገር ይይ። ዚፑን ሦስት አራቴ ይክፈትና ይዝጋ። የማንገቻውን ስፌት በሁለት እጁ ይሳብ። የቀበቶውን ስፖንጅ ይጫን፣ ተመልሶ ካልተነሳ ሞቷል። ውስጡን በጣቱ ይዳብስ፣ የሚያጣብቅ ወይም የሚላጥ ከሆነ ውሃ መከላከያው አልቋል። የመጨረሻው እንኳ መፍትሔ አለው፣ አብሽሩ። የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ያለውን ወፍራም ላስቲክ አዲስ ወይም በደንብ የታጠበ አግኝታችሁ ቦርሳው ውስጥ አስገቡና ዕቃውን እሱ ውስጥ ክተቱ፣ አፉን ጠቅልሉት። ከውጭ ከሚለበሰው የዝናብ ሽፋን ይልቅ እኔ ይሄን አምናለሁ፣ ሽፋኑ ጀርባ በኩል ያለውን ክፍት ነው የሚተወው፣ ውሃውም በዚያ ይገባል።

8. መለያውን ሳትቆርጡ ሞክሩት

ነጋዴውን አስቀድማችሁ «ካልሆነኝ ትቀይርልኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። እሺ ካለ፣ የዋጋ ወረቀቱን ሳትቆርጡ ሙሉ ዕቃ ጭናችሁ እቤት ውስጥ ደረጃ እየወጣችሁ እየወረዳችሁ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። ትከሻችሁ ላይ ቀይ መስመር ከታየ ቀበቶው ሥራውን አልሠራም፣ አስተካክሉትና ድገሙት። ወገባችሁን ካመማችሁ ርዝመቱ ልክ አይደለም። ከዚያ የመስከረሙን ዕቃ ብቻ ከትታችሁ አራቱን ማሰሪያ ስቡና እንደገና ውጡ። በሁለቱም ካልተወዛወዘ ወረቀቱን ቁረጡና በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ጦሳን ያዙት።