የድሮ ጌም ዋጋ እንዴት ይታወቃል?

ቅድሚያ አንድ ነገር ላይ እንግባባ። ያረጀ ጌም ሁሉ ውድ አይደለም። "ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ" እና "ደክ ሀንት" አብረው ያሉበትን የኔንቲዶ ካሴት ውሰዱ። ዕድሜው ከብዙዎቻችሁ ይበልጣል፤ ግን ከኮንሶሉ (ጌሙ ከሚጫወትበት ማሽን) ጋር እየታሸገ ስለተሸጠ በየቦታው ሞልቷል፣ ዋጋውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በ1995 አሜሪካ ውስጥ የወጣው የሱፐር ኔንቲዶ "ኧርዝባውንድ" ደግሞ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ያኔ ብዙ ገዢ አላገኘም፣ ዛሬ ግን ሰብሳቢው ሁሉ ያሳድደዋል። ዋጋውን የሚሰራው ስንት ተርፏል እና ስንት ሰው ይፈልገዋል የሚለው ነው። ሁለቱም መኖር አለባቸው። ብርቅ ሆኖ ማንም የማይፈልገው ጌም መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል እንጂ አይሸጥም።

ዋጋ ስታጣሩ ሰው የጠራውን ዋጋ እርሱት። መጥራት ነፃ ነው፣ ማንም ተነስቶ ሺህ ዶላር ብሎ መለጠፍ ይችላል። የሚያስፈልጋችሁ የተሸጠበት ዋጋ ነው። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ፣ እሱን ተጫኑ። ፕራይስቻርቲንግ የሚባለው ድረ ገጽም የእያንዳንዱን ጌም ዋጋ ካሴቱ ብቻውን፣ ሙሉው (ከካርቶኑና ከማብራሪያው ጋር) እና አዲሱ እያለ ለይቶ ያስቀምጣል። የቅርብ ጊዜዎቹን ሽያጮች ተመልከቱ፣ በጣም የተወደደውንና በጣም የረከሰውን ጣሉ፣ መሃል ላይ የቀረው ዋጋው ነው። ብቻ ፎቶዎቹን ሳታዩ አታነጻጽሩ፤ የተቀደደ መለያ (ፊቱ ላይ የተለጠፈው ሥዕል) ያለው ካሴትና አዲስ የሚመስል ካሴት አንድ ስም ይኑራቸው እንጂ አንድ ዕቃ አይደሉም።

አሁን ወደ ካርቶኑ እንምጣ፣ ብዙ ብር የሚተኛው እዚህ ነውና። የኔንቲዶ፣ የሱፐር ኔንቲዶ፣ የኔንቲዶ 64 እና የጌምቦይ ጌሞች የሚመጡት በወረቀት ካርቶን ነበር። ልጆች ደግሞ ካርቶን አያስቀምጡም። ተቀደደ፣ ተጣለ፣ አለቀ። ስለዚህ ለአንዳንድ ጌሞች ባዶው ካርቶን ከካሴቱ በላይ ይሸጣል፣ ያውም ጌሙ ሳይኖርበት! የሴጋ ሜጋ ድራይቭ ጌሞች ብዙዎቹ በፕላስቲክ ሳጥን ስለመጡ እስከነማብራሪያቸው ተርፈዋል፣ ሙሉውን ለማግኘትም ያን ያህል አያስለቅስም። ፕሌይስቴሽን 1 ላይ ሳጥኑ ቢሰነጠቅ አትጨነቁ፣ ይቀየራል። የማይቀየረው የፊቱ መጽሔትና የጀርባው ወረቀት ነው።

ያልተከፈተ እሽግ ግን ሌላ ዓለም ነው። በሐምሌ 2021 አንድ የታሸገ "ሱፐር ማሪዮ 64" በሄሪቴጅ ኦክሽንስ ጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል። ልብ በሉ፣ ይሄ ጌም ከኔንቲዶ 64 ጌሞች ሁሉ በብዛት የተሸጠው ነው። የተከፈለው ለጌሙ ሳይሆን ለላስቲኩና ይዞታውን መርምረው ባለሙያዎች ለሰጡት ደረጃ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጀማሪ እዚያ ሰፈር ምንም ጉዳይ የለውም።

ከዚያ ይልቅ ፎርጅድ መለየት ተማሩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። በጣም የሚቀዳው የጌምቦይ አድቫንስ ፖኬሞን ነው። ካሴቱን ገልብጡና መግቢያው ውስጥ፣ ከወርቃማዎቹ ጥርሶች (ከኮንሶሉ ጋር ከሚያገናኙት ብረቶች) በላይ ቦርዱን ተመልከቱ፤ ኦሪጅናሉ ላይ "ኔንቲዶ" የሚል ጽሑፍ ይነበባል። መለያውን ደግሞ ብርሃን ላይ አዘንብሉት። ፋብሪካው መለያው ላይ ትንሽ ቁጥር ይረግጣል፣ በቀለም ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው የሚታየው። ከተጠራጠራችሁ ባለ ሦስት ክንፍ ካቻቢቴ ይዛችሁ ክፈቱት። ቺፑ ባለበት ቦታ ጥቁር የጠብታ ሙጫ ብቻ ካያችሁ ፎርጅድ ነው። "ፋየርሬድ" ውስጥ ባትሪ ካገኛችሁም እንደዚያው፣ ኦሪጅናሉ ባትሪ የለውም። "ኤመራልድ" ግን አለው፣ ለሰዓቱ ነው። ሲከፈት ባትሪው አልቋል የሚል መልእክት ካመጣ አትደንግጡ፣ ጌሙ ይጫወታል፣ ሴቭም ያደርጋል፤ የሚቆመው ሰዓቱን ተከትሎ የሚመጣው ነገር ብቻ ነው።

የቀድሞዎቹ የጌምቦይ ፖኬሞኖች "ጎልድ" እና "ሲልቨር" ላይ ጉዳዩ ይለያል። እዚያ ሴቭ የሚይዘው ራሱ ባትሪው ስለሆነ እሱ ካለቀ ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ ሻጭ "ይሰራል" ሲላችሁ አትርኩ። ሴቭ አድርጎ፣ አጥፍቶ፣ ቆይቶ እንዲከፍት ጠይቁት። ባትሪው የተበየደ ስለሆነ መቀየሩ መበየጃ ይጠይቃል፣ እጃችሁ ያልለመደ ከሆነ ለሚችል ሰው ስጡት።

ካሴት አልነሳ ሲል እፍ ማለት የሁላችንም ልማድ ነው። ተዉት። የትንፋሽ እርጥበት ጥርሶቹን ያዝጋል፣ የሚያስነሳው ደግሞ ብዙ ጊዜ እፍታው ሳይሆን አውጥቶ መልሶ መክተቱ ነው። 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ግዙ፣ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ነከር አድርጉና ጥርሶቹን ጥረጉ። ጥጡ ይጠቁራል። በአዲስ ጥጥ ድገሙት፣ ንጹህ እስኪወጣ። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትክተቱት። የኔንቲዶን ካሴት ከፍታችሁ ማጽዳት ከፈለጋችሁ ብሎኑ የተለየ ስለሆነ 3.8 ሚሊሜትር መፍቻ ያስፈልጋችኋል፣ ለሱፐር ኔንቲዶና ለኔንቲዶ 64 ኮንሶል ደግሞ 4.5።

ሲዲ ላይ ሰው ሁሉ የታችኛውን ጭረት ያያል፣ አደገኛው ግን የላይኛው ነው። ዳታው ያለው ከሥዕሉ ሥር ነውና ላይኛው ከተፋቀ ጭረት የሚያለሰልሰው ማሽን አያድነውም። ሲዲውን ወደ መብራት ያዙትና ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ ፈልጉ። የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲ ከታች ጥቁር ነው፣ ብርማ ከሆነ ጠርጥሩ።

የየትኛው አገር ቅጂ እንደሆነ ሳታዩም አትክፈሉ። የጌምቦይ ጌም ከየትም ቢመጣ ይሰራል። የጃፓን የኔንቲዶ 64 ካሴት ግን የአሜሪካው ኮንሶል ውስጥ አይገባም፣ ፕላስቲኩ ራሱ ይከለክለዋል። ኮንሶል ስትገዙ ሴጋ ጌም ጊር ከሆነ ካፓሲተሮቹ (ቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚይዙት ትናንሽ ክፍሎች) ተቀይረዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ኦሪጅናሎቹ በማፍሰስ የታወቁ ናቸው፣ ድምፁና ስክሪኑ አብረው ይሄዳሉ።

ስታስቀምጡ ፀሐይና እርጥበት አይንካው። ግራጫው ፕላስቲክ ቢጫ የሚሆነው ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ነው። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚያነጡት አሉ፣ እኔ አልመክርም፣ ዥንጉርጉር ሆኖ ሊወጣ ይችላል፣ ቢጫውም ይመለሳል። የማትጠቀሙበት ጌምቦይ ውስጥ ባትሪ አትተዉ። ካርቶን ላይ የድሮ ሱቅ የዋጋ ተለጣፊ ካለ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጉትና ቀስ ብላችሁ ላጡት፤ ካስቸገረ ይቅር፣ ከተላጠ ካርቶን ተለጣፊ ያለበት ይሻላል።