ስህተት ነው ወይስ ጉዳት? እንግዳ የሆነ ሳንቲም እጃችሁ ሲገባ

ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ይህችን ቅጽበት ያውቃታል። አንድ ሳንቲም ታገላብጣላችሁ፣ ፊደሉ ድርብ ሆኖ ይታያችኋል ወይም ጠርዙ ጎድሏል፣ ልባችሁ ድው ይላል። በእውነት ከማተሚያው ተበላሽቶ የወጣ ሳንቲም ሰብሳቢ የሚሻማበት ነገር ነው። ነገር ግን እንግዳ የሚመስሉት ሳንቲሞች አብዛኞቹ ከማተሚያው ደህና ወጥተው ኋላ ላይ የተጎዱ ናቸው። ሁለቱን ለመለየት ሁሌም የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ማሽኑ ሊሠራው ይችላል?

ይህን ለመመለስ አሠራሩን ማወቅ ግድ ነው። መጀመሪያ ከብረት ቆርቆሮ ላይ ክብ ብረት ተቆርጦ ይወጣል። ከዚያ ጠርዙ ዙሪያውን ተጨምቆ ከፍ ይላል። ቀጥሎ በሁለት የብረት ማህተሞች መሃል ገብቶ በከባድ ኃይል ይመታል፣ በዚያች ቅጽበት ወደ ጎን እንዳይሰፋ የብረት ቀለበት ዙሪያውን ይይዘዋል። ማህተሙ ላይ ምስሉ ጎድጉዶ ስለተቀረጸ ሳንቲሙ ላይ ጉብ ብሎ ይወጣል። ይህችን ተገላቢጦሽ ያዙልኝ፣ ደጋግመን እንመለስባታለን።

ዕቃው ብዙ አይደለም። 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ፣ እስከ 0.01 ግራም የሚለካ ሚዛን፣ ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት መለኪያ)፣ ማግኔትና ከጎን ዘንበል ብሎ የሚያበራ መብራት ይበቃል።

ፊደሉ ወይም ዓመተ ምህረቱ ድርብ ሆኖ ይታያል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የሚፈለገው ድርብነት ከራሱ ከማህተሙ የሚመጣው ነው። ማህተሙ ሲሠራ ዋናው ቅርጽ ከአንድ ጊዜ በላይ ይጫንበት ነበር፣ በሁለቱ ጭነቶች መሃል ትንሽ ከተዛነፈ ምስሉ ማህተሙ ላይ ድርብ ሆኖ ይቀራል፣ ያ ማህተም የመታው ሳንቲም ሁሉ ደግሞ ያንኑ ድርብነት ይዞ ይወጣል። የታወቀው ምሳሌ የአሜሪካ የ1955 ባለ አንድ ሳንቲም (ፔኒ) ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዓመተ ምህረቱና ጽሑፎቹ በዓይን እስኪታዩ ድረስ ተደርበዋል።

ሌላው ድርብነት ግን ማህተሙ ላልቶ በምት ጊዜ ሲንሸራተት የሚፈጠር ነው። ማተሚያው ውስጥ የሆነ ቢሆንም ሰብሳቢዎች ዋጋ አይሰጡትም፣ በጣም የተለመደ ነውና።

እንዴት ትለያላችሁ? አንዱን ፊደል ብቻ ምረጡና በማጉያ ቆዩበት። በእውነተኛው ፊደሉ ወፍሯል፣ ሁለቱም ቅጂዎች ክብ ክብ ብለው ከፍ ያሉ ናቸው፣ ፊደሉ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ደግሞ ለሁለት የተሰነጠቀች ትንሽ ጎድጓዳ ታያላችሁ። በተንሸራተተው ላይ ፊደሉ እንዲያውም ቀጥኗል። ከጎኑ የሚታየው "ሁለተኛ ፊደል" ተዳምጦ ጠፍጣፋ የሆነ፣ እንደ ደረጃ ዝቅ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። ከፊደሉ ላይ ተጨምቆ የተወሰደ ብረት ነው እንጂ የተጨመረ ነገር የለም። መብራቱን ከጎን አድርጋችሁ ሳንቲሙን ቀስ ብላችሁ ካዞራችሁት ይህ ደረጃ ብልጭ ይላል።

አሁንም ካልለየላችሁ በዚያው ዓመት የተመዘገቡትን ድርብ ማህተሞች ምስል ፈልጉና አመሳስሉ። እውነተኛ ከሆነ ወንድሞች አሉት።

መስመር ወይም እብጠት አለበት

ተገላቢጦሿን አስታውሱ። ማህተም ሲሰነጠቅ ብረት ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ መስመር ይወጣል። ሳንቲሙ ራሱ ከተጫረ ግን መስመሩ ወደ ውስጥ ይገባል። ጎድጓዳ ጭረት ካያችሁ ጉዳይ ተዘጋ ማለት ይቻላል።

ከማህተሙ ጠርዝ ላይ ቁራሽ ወድቆ ሲሆን ሳንቲሙ ጠርዝ ላይ ለስላሳ ጉብታ ይታያል። ማረጋገጫው ከጀርባው ነው። ከጉብታው ትይዩ በሌላው ፊት ያለው ምስል ደብዝዞ ይገኛል፣ ምክንያቱም ብረቱ ወደ ክፍተቱ ስለሸሸ የሚመታው በቂ ጫና አላገኘም። ጀርባው ጥርት ያለ ከሆነ ጠርጥሩ። ሳልዳ ወይም ማጣበቂያ ሊሆን ይችላል።

ከ1982 ወዲህ በተመቱት የአሜሪካ ባለ አንድ ሳንቲሞች (ፔኒዎች) ላይ ትንንሽ ፊኛ የመሰሉ እብጠቶች ብትቆጥሩ አትደነቁ። ውስጣቸው ዚንክ ነው፣ ላያቸው ስስ መዳብ ነው፣ በመሃላቸው የታመቀ ጋዝ ያብጣል። እንደ ብርቅ አትግዙት።

ጠርዙ ተቆርጧል

ቆርቆሮው በትክክል ሳይራመድ መቁረጫው ቀድሞ በተቆረጠ ቀዳዳ ላይ ሲደርብ ክብ ብረቱ አንድ ጎኑ ጎድሎ ይወጣል። ያ ብረት ጎድሎ ነው የሚመታው። ስለዚህ ከጉድለቱ አጠገብ ያሉት ፊደሎች ወደ ክፍተቱ ሳብ ብለው፣ ቀጥነው ያልቃሉ። በመቀስ የተቆረጠ ሳንቲም ላይ ግን ፊደሉ ግማሹ ላይ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፣ ያለፈበትም የሞረድ ጭረት ይታያል።

አሁን ሳንቲሙን አዙሩና ከጉድለቱ ፊት ለፊት ያለውን ጠርዝ እዩ። ደካማ ወይም ጭራሽ የሌለ ከሆነ በጣም ጥሩ ምልክት ነው። ጠርዙን ከፍ የሚያደርገው ማሽን ከሁለት ተቃራኒ ጎን ነው የሚጨምቀው፣ አንዱ ጎን ባዶ ሲሆን ሌላውም ጫና አያገኝም። ይህን በሞረድ ማስመሰል ይከብዳል። ባይኖር ግን ብቻውን ሐሰት ነው አያሰኝም።

ሰፍቷል ወይም ጠቧል

ያለ ቀለበት የተመታ ሳንቲም ይሰፋል፣ ጎኑም ለስላሳ ይሆናል፣ ምስሉ ግን ሙሉና ጥርት ያለ ነው። በመዶሻ የተቀጠቀጠም ይሰፋል፣ ምስሉ ግን ተዳምጧል። ጠቦ ጠርዙ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ከሆነ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ተቀርቅሮ ለብዙ ጊዜ ሲንከባለል የኖረ ነው። ማተሚያ እንዲህ አያደርግም።

የምስሉ አንድ ክፍል ጠፍቷል

ማህተሙ ጉድጓድ ውስጥ ግራሶ ሲሞላ ፊደል ደብዝዞ ወይም ጠፍቶ ይወጣል። ቦታው ለስላሳ ነው፣ የአካባቢው ወዝም አልተነካም። ተፍቆ ከሆነ ግን ወዙ ተቋርጧል፣ በማጉያ ትይዩ ጭረቶች ይታያሉ።

እዚህ ላይ የምወደው ምሳሌ በ1937 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ የተመታው የጎሽ ምስል ያለበት ባለ አምስት ሳንቲም ነው። ማህተሙ ከመጠን በላይ ተሞርዶ የጎሹ አንድ የፊት እግር ጠፋ። ሰዎች ከተራው ሳንቲም ላይ እግሩን ፍቀው ይሸጣሉ። እውነተኛው ላይ ግን ከጎሹ ሆድ በታች ወደ መሬት የሚወርዱ፣ ከፍ ያሉ የነጠብጣቦች መስመር አለ። እሱ የሌለበትን፣ እግሩ ቢጎድልም፣ አትቀበሉ።

ቀለሙ ሌላ ነው

አፈር ውስጥ የቆየ ወይም እሳት ያገኘው ሳንቲም ይጠቁራል፣ ይቀላል፣ ይቦረቦራል። ከዓይናችሁ በፊት ሚዛኑን እመኑ። ክብደቱ መደበኛ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቀለም ብቻ ነው።

የ1943 የአሜሪካ ባለ አንድ ሳንቲም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ከአረብ ብረት (ስቲል) ነበር የተሠራው፣ ጥቂቶች ግን በስህተት በመዳብ ቅይጥ ላይ ተመቱ። "አገኘሁ" የሚሉት አብዛኞቹ መዳብ የተቀቡ ናቸው። ማግኔት አስጠጉ፣ ከተሳበ አረብ ብረት ነው። አረብ ብረቱ ወደ 2.7 ግራም ሲመዝን የመዳብ ቅይጡ 3.11 ይሆናል። ካልተሳበና ክብደቱም ከገጠመ የመጨረሻዋን 3 በማጉያ እዩ፣ ከ1948 ላይ 8ን ፍቀው 3 የሚያደርጉ አሉና።

ሁለቱም ፊት አንድ ነው፣ ወይም ፊደሉ ተገልብጧል

ሁለት ራስ ያለው ሳንቲም ብዙ ጊዜ ሁለት ሳንቲም በቶርኖ ተሞርዶ አንዱ በሌላው ውስጥ የተገጠመበት ነው። ከጠርዙ በውስጥ በኩል የምትዞር ቀጭን መገጣጠሚያ መስመር ፈልጉ። ያልተጣጣሙ ማህተሞች መገናኘታቸው ግን የሆነ ነገር ነው። እንግሊዝ በ2008 የ20 ፔንስን ቅርጽ ስትቀይር ዓመተ ምህረቱ ከጀርባ ወደ ፊት ተዛወረ፣ አሮጌው ፊት ከአዲሱ ጀርባ ጋር ሲገጥም ዓመት የሌለው ሳንቲም ወጣ።

ፊደል ተገልብጦና ጎድጉዶ ከታየ ሁለት ሳንቲም ሞርሳ ውስጥ ተደርቦ ተጨምቆ ይሆናል። ምልክቱ የነበረው ምስል ተዳምጦ በላዩ ላይ የሌላው ፊደል መታየቱ ነው። በእውነተኛው ላይ፣ ቀድሞ የተመታ ሳንቲም ማህተሙ ላይ ተጣብቆ ሲቀር፣ ጎድጓዳው ምስል ጥርት ያለ ነው፣ ከሥሩም ሌላ ምስል የለም።

ፈተናውን ሁሉ ካለፈ እባካችሁ አታጥቡት፣ አትወልውሉት። ፒቪሲ (ሳንቲም የሚጎዳ የፕላስቲክ ዓይነት) በሌለው መያዣ ውስጥ አስገቡትና ፒሲጂኤስን ወይም ኤንጂሲን ወደመሰሉ መርማሪ ድርጅቶች ላኩት። ያላለፉትንም ቶሎ አትጣሉ፣ ምክንያታቸውን በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጧቸው። ቀጣዩ እንግዳ ሳንቲም ሲመጣ ከጎኑ አድርጋችሁ ታዩበታላችሁ።