ማውሱ ሞተ ከማለታችሁ በፊት፦ ስንጠግንም ስንገዛም የምንሠራቸው ስህተቶች

እንጀራዬ ጽህፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ እተይባለሁ። ኪቦርድ አንድ ፊደል ቢያጎድል ሰው ይታገሳል፤ ፊደሉን ከሌላ ቦታ ቀድቶ ይለጥፋል። ማውስ ሲያምፅ ግን ሥራ ይቆማል፣ ወረፋው ይረዝማል፣ ደንበኛ ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። በነገራችን ላይ «መዳፊት» የሚል የአማርኛ ስም ወጥቶለታል። እኔ ግን «መዳፊትሽ ተበላሽቷል» ብሎኝ የሚያውቅ ደንበኛ የለም።

ጠረጴዛዬ ሥር አንድ ካርቶን አለ። የተበላሸ ማውስ እሱ ውስጥ እወረውራለሁ። አንድ ቀን መብራት ኖሮ ደንበኛ ጠፋ። ብርቅ ነው። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩና አንድ በአንድ እየሰካሁ ሞከርኳቸው። ሁለቱ ምንም አልሆኑም። ከነሕይወታቸው ነው የቀበርኳቸው! ከቀሩት ውስጥ አብዛኞቹ የተበላሸባቸው አንዲት ትንሽ ዕቃ ብቻ ነበረች። ከዚህ በታች የምጽፋቸውን ስህተቶች ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን ከአንዴም በላይ።

ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሳይሞክሩ መፍረድ

ማውሱ አልሄድ አለ እንበል። መጀመሪያ ነቅላችሁ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰኩት። ከዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ። እዚያ ከሠራ ጥፋቱ የማውሱ አይደለም። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ግን ማንም አያደርገውም።

ቀጥሎ የተቀመጠበትን ነገር እዩ። የዛሬ ማውስ ሆዱ ላይ ትንሽ ካሜራ አለችው። ከሥሩ ያለውን ወለል በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ፎቶ እያነሳች ሥዕሉ ወዴት እንደተንሸራተተ ታነጻጽራለች። መስታወት ጠረጴዛ ላይ የምታነጻጽረው ነገር ታጣለች። የሚያብለጨልጭ የላስቲክ ጠረጴዛ ልብስም ያወዛግባታል። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ትንቀጠቀጣለች፣ ትዘላለች፣ ወይም ጭራሽ ትቆማለች። መድኃኒቱ አንድ ነጭ ወረቀት ወይም የካርቶን ቁራጭ ነው። ሆዱ ላይ ያለችውን ቀዳዳም ተመልከቱ። አንዲት ፀጉር እዚያ ከገባች ቀስቷ ቆማ ሳለ ትርገበገባለች። በስቴኪኒ አውጧት።

ግራና ቀኙ ተገላብጦባችሁ ከሆነ ደግሞ ግራኝ የሆነ የሥራ ባልደረባ እንዳላችሁ አስቡ። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ቀይሮት ይሆናል። እኛ ቤት በዚህ ምክንያት አንድ ጤነኛ ማውስ ካርቶን ገብቷል።

«ደብል ክሊክ» የሚያደርገውን መምታት

ይህ የማውስ በሽታዎች ሁሉ ንጉሥ ነው። አንዴ ትጫናላችሁ፣ እሱ ሁለቴ ይቆጥራል። ፋይሉን ለመምረጥ ነካ ስታደርጉት ይከፈታል። ጽሑፍ ስታቀልሙ መሃል ላይ ይለቅባችኋል። አንድ ፋይል ጎትታችሁ ልትወስዱ ስትሉ መንገድ ላይ ይጥለዋል፣ ከዚያ የት እንደገባ ትፈልጋላችሁ። እኔ አንድ ጊዜ የሰው ሲቪ የሌላ ሰው ፎልደር ውስጥ ጥዬ ግማሽ ሰዓት ስፈልግ ነበር።

እንደ ድሮ ሬዲዮ በመዳፍ ጠፍ ማድረግ አይጠቅምም። ውስጡ ምን እንዳለ ካወቃችሁ ለምን እንደማይጠቅም ይገባችኋል። በግራው ቁልፍ ሥር የጣት ጥፍር የምታክል ጥቁር ሳጥን አለች። ማይክሮ ስዊች ይሏታል። ውስጧ ስስ የመዳብ ሞላ አለች። ስትጫኑ ሞላዋ ከአንድ ነጥብ ጋር ትጋጭና መብራት ታስተላልፋለች። ስትጋጭ ግን እንደ ኳስ ትነጥራለች። ንጥረቷ በሺህኛ ሰከንድ የሚቆጠር ነው፤ ማውሱ ላይ ያለው ቺፕም ይህን ስለሚያውቅ ጥቂት ታግሶ «አንድ ክሊክ» ብሎ ይመዘግባል። ሞላዋ ስትደክም ወይም መገናኛዋ ሲቆሽሽና ሲዝግ ንጥረቱ ይረዝማል። የቺፑ ትዕግሥት ያልቃል። ሁለት ብሎ ይቆጥራል።

እነዚህ ስዊቾች ብዙ ጊዜ ለ10 ሚሊዮን ወይም ለ20 ሚሊዮን ክሊክ ነው ተብለው ይሸጣሉ። እንደ እኔ ያለ ሰው በቀን 5,000 ጊዜ ቢጫን፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ፣ 1.5 ሚሊዮን ይሆናል። በሒሳቡ ከሆነ ከ6 ዓመት በላይ መኖር ነበረበት። እኔ እጅ ላይ ግን አንድም እዚያ የደረሰ የለም።

ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል? በቁልፉ ስንጥቅ አልኮል ጠብ ያደርግበታል። ሞላዋ ለጊዜው ስለምትጸዳ ይድናል። ከዚያ በሽታው ይመለሳል። ሌላው ደግሞ ሳጥኗን ከፍቶ ሞላዋን ያቃናል። ይህ ይቻላል፤ ግን ከላይ ያለችው የፕላስቲክ ቁልፍ የሩዝ ፍሬ እንኳ አታክልም። ወለል ላይ ከወደቀች ወዲያ ስንብት ነው። እኔ ሦስት ሞክሬ አንዱ ተሳካልኝ።

እውነተኛው መፍትሔ ስዊቿን መቀየር ነው። አዲስ መግዛትም አያስፈልግም። ካርቶኑ ውስጥ ካለ ሌላ ማውስ የቀኙን ስዊች ንቀሉ። የቀኝ ቁልፍ የሚሠራው ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ገና ጤነኛ ነው። ሌላ ማውስ ከሌላችሁ የራሱን ግራና ቀኝ አለዋውጡ፤ ራይት ክሊክ ሁለቴ ቢቆጥር ያን ያህል አይጎዳም። ሦስት እግር አላት፣ ሦስቱም የተበየዱበትን እርሳስ አቅልጦ መንቀል ነው። መበየጃ ከሌላችሁ ሰፈራችሁ ያለ ሞባይል ጠጋኝ ይሠራላችኋል። ራሳችሁ ከሠራችሁት ሁለት ነገር ብቻ፦ ስትነቅሉ ወዴት ዞራ እንደነበር ፎቶ አንሱ፣ መበየጃውንም አንድ ቦታ ላይ ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይ አታቆዩት። ዕቃዎቹ የተበየዱበት ሰሌዳ ላይ የተለጠፈችው የመዳብ ክብ ከተነሳች አዲስ ጣጣ ገዝታችኋል።

በቢላ ፈልቅቆ መክፈት

ማውስ ገልብጣችሁ ብሎን ባታዩ «ተለጥፎ ነው የተሠራው» አትበሉ። ብሎኖቹ ተደብቀዋል። ብዙውን ጊዜ ከሥር ካሉት ጥቁር ወይም ነጭ ተንሸራታች እግሮች ሥር ናቸው፤ አንዳንዴ ደግሞ ስም የተጻፈበት ስቲከር ሥር። ስቲከሩን በአውራ ጣት ደባበሱት፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ ካገኛችሁ እሱ ነው። በቢላ ያስገደደ ሰው የፊቱን መንጠቆዎች ሰብሮ ሲገጥም አልገጥም ይለዋል፣ ከዚያ ማውሱን ዕድሜ ልኩን በናስትሮ ጠቅልሎ ይኖራል።

እግሮቹን ስታነሱ በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ አሙቋቸው። ሙጫው ይለቃል፣ እግሩም አይተጣጠፍም። ቴፍሎን ስለሆኑ ነው እንደዚያ የሚንሸራተቱት፤ ከታጠፉ ማውሱ ጠረጴዛውን ይፍቃል። ደግሞ ከነባትሪው የሚከፍት አለ። ባትሪ ድንጋዩን አውጡ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ከዚያ ካቻቢቴ አንሱ። የላይኛውን ክዳን ስታነሱ በዝግታ ይሁን። አንዳንዱ ላይ ክዳኑንና ሰሌዳውን የሚያገናኝ ቀጭን ገመድ አለ፣ በጥድፊያ ይበጠሳል።

ጎማውን ዘይት ማጠጣት

መሃል ላይ ያለችው መሽከርከሪያ ወደ ታች ስታዞሯት ገጹ ወደ ላይ ይዘላል። ወይም ትንጫጫለች። ወዲያው የስፌት መኪና ዘይት የሚያመጣ ሰው አይጠፋም። እባካችሁ ተዉት።

መሽከርከሪያዋ ሁለት ዓይነት ናት። አንዷ ጎኗ ላይ ትንሽ ሳጥን አላት፣ ውስጡ ብረት ከብረት እየተነካካ ይቆጥራል። ሌላዋ ጥርስ ያለው ጎማ ሆና የማይታይ ብርሃን በጥርሶቹ መካከል ያልፋል፣ ቆጠራው በብርሃን ነው። የመጀመሪያዋ ዘይት ስትጠጣ አቧራ ሰብስባ ጭቃ ትሆናለች። ሁለተኛዋ ደግሞ ዓይኗ ይጋረዳል። የጥርስ ጎማዋን አውጥታችሁ የተጠመጠመውን ፀጉርና ብናኝ በጥጥ ጥረጉ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው። የባለሳጥኗን ጠብታ አልኮል ስጧትና ጥቂት ጊዜ አሽከርክሯት። ካልዳነች መቀየር ነው። እዚህ ላይ ቁመቷን ለኩ። በሚሊ ሜትር የሚለያዩ ናቸው፤ ያልገጠመች ከሆነች ጎማው ወይ ይሰምጣል ወይ ክዳኑን ይነካል።

ያገኙትን ፈሳሽ ሁሉ ማፍሰስ

አልኮል ስል አረቄ ማለቴ አይደለም። ሳቅ አይምጣችሁ፣ ያደረገ አይቻለሁ። አረቄ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ውሃ ሊሆን ይችላል። ከኮሮና ዘመን የተረፈ ሳኒታይዘርም አይሆንም። እጅ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን ይጨመርበታል፣ ግሊሰሪኑ ደግሞ አይተንም፤ ተጣብቆ ይቀራል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሁሉም የከፋ ነው፣ አሴቶን ካለበት ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። የፋርማሲው 70 ፐርሰንት አልኮል ይሠራል፣ ግን ነቅላችሁ፣ በጥጥ ብቻ፣ በደንብ አድርቃችሁ። ሞባይል ጠጋኞች ጋ የተሻለ ጥራት ያለው አለ፣ በትንሽ ጠርሙስ ይሰጧችኋል።

አርጅቶ የሚያጣብቅ ማውስ ካላችሁም ቆሻሻ አይደለም። ላዩ ላይ የተቀባው ጎማ መሳይ ልባስ ራሱ እየሟሟ ነው። በዚሁ አልኮል ደጋግማችሁ ብታሹት ይነሳል፣ ከሥሩ ደረቅ ፕላስቲክ ይወጣል። መልኩ ይበላሻል፣ እጃችሁ ግን ያርፋል።

ገመዱን በቀለም ብቻ ማመን

ገመድ የሚበጠሰው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንገቱ ላይ ነው፣ ከማውሱ በሚወጣበት። ስታጥፉት ይሠራል፣ ስትለቁት ይጠፋል። ላዩን በናስትሮ መጠቅለል ምንም አያመጣም፣ የተበጠሰው ውስጡ ነው። የታመመውን ቦታ ቆርጣችሁ ጥላችሁ ጤነኛውን ጫፍ መልሳችሁ መበየድ ነው።

ስህተቱ እዚህ ይመጣል። የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ ቀዩ 5 ቮልት ነው፣ ጥቁሩ መሬት (የመብራቱ መመለሻ)፣ ነጭና አረንጓዴው መረጃ አመላላሽ ናቸው። ይህን የሚያውቅ ሰው ከሌላ ማውስ ገመድ ቆርጦ ቀይ ለቀይ፣ ጥቁር ለጥቁር ያገናኛል። ግን የማውስ ሠሪዎች ይህን ሥርዓት ሁልጊዜ አያከብሩም። ብርቱካናማም ሰማያዊም ያለበት ገመድ አጋጥሞኛል። 5 ቮልቱ ያላግባብ ከገባ ቺፑ በአንድ ጊዜ ይሞታል። ከመቁረጣችሁ በፊት ሰሌዳው ላይ የትኛው የት እንደገባ ፎቶ አንሱ፣ አዲሱንም ገመድ በመለኪያ ጫፍ ለጫፍ ፈትሹ። አራቱንም ለየብቻ ጠቅልሏቸው። አንድ ላይ የተጠቀለሉ ከሆነ ቀዩ ጥቁሩን ይነካና ኮምፒውተሩ ያንን ቀዳዳ ይዘጋዋል።

ገመድ አልባው ላይ

ሪሲቨሯን፣ ኮምፒውተሩ ላይ የምትሰካዋን ትንሿን ተቀባይ፣ ከጀርባ ሰክቶ «ማውሱ ይቆማል» የሚል ብዙ ነው። ከፊት ለፊት ስኩት። በተለይ ደንበኛ ሃርድ ዲስክ ይዞ መጥቶ ሰማያዊዋ የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ላይ ሲሰካ ማውሱ ከዘገየ አትደነቁ፤ ዩኤስቢ 3 መረጃ ሲያስተላልፍ የሚረጨው ረብሻ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይደርሳል፣ ማውሱም የሚነጋገረው በዚያው ነው። ራቅ አድርጋችሁ ስኩት።

ሪሲቨር ከጠፋስ? አብዛኞቹ ርካሽ ማውሶች ከአንዷ ሪሲቨር ጋር የተጋቡ ናቸው፣ ፍቺም ዳግም ጋብቻም የላቸውም። ሎጊቴክ የሚባለው ኩባንያ ማውስ ላይ ብርቱካናማ ኮከብ መሳይ ምልክት ካያችሁ ግን ዩኒፋይንግ የሚሉት ዓይነት ነው፣ እንደ እሱ ያለ ሌላ ሪሲቨር ፈልጋችሁ ማገናኘት ትችላላችሁ፣ አንዷ እስከ 6 ዕቃ ትይዛለች። ቦልት የሚባለው አዲሱ የሎጊቴክ ሪሲቨር ከዩኒፋይንግ ጋር አይግባባም፣ ስትገዙ እንዳታምታቱ።

ለክረምት ዕረፍት ስትዘጉ ባትሪ ድንጋዩን አውጡ። ነጭ ዱቄት ከረጨ በጥጥ ጫፍ ትንሽ ሎሚ ንኩበት፣ ከዚያ በአልኮል ጥረጉና አድርቁ።

ሲገዙ ቁጥር ብቻ ማንበብ

የአዲሱ ማውስ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው ትልቅ ዲፒአይ (ማውሱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ቀስቷ ምን ያህል እንደምትሄድ የሚነግረው ቁጥር) ለእኛ ሥራ ምንም አይጨምርም። 800 ወይም 1,600 ለዶክመንት ከበቂ በላይ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ መዳፋችሁን ሞክሩ። ትንሽዬ የላፕቶፕ ማውስ ቀኑን ሙሉ ስትይዙ አንጓችሁ ይቆጣል። ነጋዴው እያለ ሰኩ፣ ሁለቱንም ቁልፍ መቶ ጊዜ ያህል ጠቅ ጠቅ አድርጉ፣ መሽከርከሪያዋን አዙሩ። ቢገላምጣችሁም ግድ የለም። የታወቀ ስም የተለጠፈበትን ሁሉ ኦሪጅናል ነው ብላችሁ አትመኑ።

ኮምፒውተራችሁ ያረጀና ክቧ አረንጓዴ ቀዳዳ ብቻ ያለችው ከሆነ ደግሞ ዩኤስቢን ወደ ክቧ የምትቀይረውን ትንሿን መቀየሪያ ገዝታችሁ ዘላችሁ አትውጡ። መቀየሪያዋ የምትሠራው ማውሱ ራሱ ዩኤስቢንም ክቧንም የሚያውቅ ከሆነ ብቻ ነው። እዚያው አስሞክሩ። ክቧንም ስትሰኩ ኮምፒውተሩ ይጥፋ።

አዲሱን ከገዛችሁ በኋላ አሮጌውን እንዳለ አትጣሉት። የቀኝ ስዊቹን፣ ደህና የሆኑትን እግሮች፣ ገመዱንና መሽከርከሪያዋን ንቀሉለት። የቀረውን ቆዳ ለቁራሌው ስጡት። ስንት እንደሚከፍል እኔን አትጠይቁኝ፤ ሁለቴ ተከራክሬው ሁለቴም ተሸንፌያለሁ።