ግዙፍ ጀበና አትሥሩ፦ የኤክስፖ ፓቪሊዮን ሲነደፍ የሚሠሩ ስህተቶች

ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ሰጠሁ። «ሪያድ ላይ በ2030 የዓለም ኤክስፖ፣ ማለትም አገሮች ራሳቸውን የሚያስተዋውቁበት ትልቅ ኤግዚቢሽን፣ አለ። የኢትዮጵያን ፓቪሊዮን፣ ያው የማሳያ ቤቷን፣ ንደፉ ተብላችኋል እንበል፤ ሥሩ» አልኳቸው። ከሳምንት በኋላ አሥራ አንድ ወረቀት ተሰበሰበ። አራቱ ጀበና ነው። ሦስቱ የአክሱም ሐውልት። ሁለቱ ጎጆ። አንዷ ጎጆውን ከሐውልቱ ጋር አዳቅላ ጉልላቱ ላይ ሐውልት አቁማለች። የቀረው አንድ ልጅ ባዶ ወረቀት ላይ «አልመጣልኝም» ብሎ ጽፎ ሰጠኝ። እውነቱን ልንገራችሁና ከሁሉም ተስፋ የሰጠኝ እሱ ነው።

ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ሪያድ ፓቪሊዮን ማሰብ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ግን እዚሁ ከተማችን ባዛር ሲዘጋጅ የማያቸው ስህተቶችና ትልልቆቹ ኤክስፖዎች ላይ የሚታዩት ስህተቶች ያው ናቸው። ልዩነቱ የገንዘቡ መጠን ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ምልክትን ማግዘፍ

ጀበና ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ሃያ ሜትር ሲረዝም ነው። ሃያ ሜትር ጀበና ውስጥ ቡና የለም፤ ደረጃና ሊፍት ነው ያለው። እንግዳው ከሩቅ ያየዋል፣ ፎቶ ያነሳዋል፣ ያልፋል። ለምን ይገባል? ነገሩን ከውጭ ጨርሶታል እኮ።

እንግሊዞች በ2010 ሻንጋይ ላይ የለንደኑን የሰዓት ማማ መገተር ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ቶማስ ሄዘርዊክ የነደፈው ቤት 60,000 ግልጽ የአክሪሊክ ዘንጎች የተሰኩበት ነው፤ የእያንዳንዱ ርዝመት 7.5 ሜትር። ከሩቅ ሲታይ የተቆጣ ጃርት ይመስላል። ነፋስ ሲነካው ይወዛወዛል። ውስጥ ሲገባ ግን በየዘንጉ ጫፍ እውነተኛ የዕፅዋት ዘር ተቀብሯል፤ ብርሃኑም በዘንጎቹ በኩል ነው የሚገባው። «እኛ ዘር እንሰበስባለን» ነው ያሉት፤ ሰውም ይህን ለማየት ተሰለፈ።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ጠፍቶ ነው? መንዝ ሂዱና አንድ የካብ ቤት ግድግዳ ላይ እጃችሁን አሳርፉ። ትልልቁ ድንጋይ መሃል ስባሪ ጠጠር ተሸጉጧል። ዓይን አይሞላም። ያን ስባሪ ብትነቅሉት ግን ትልቁ መወዛወዝ ይጀምራል። ቀና በሉና ክዳኑን እዩ፤ ጓሳ ነው። ሣሩ የሚመጣው ከጓሳ ደጋ ነው። ያ መሬት በቀሮ ሥርዓት ለብዙ ትውልድ ተጠብቆ የኖረ ነው። ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋል፤ ቀን ተቆርጦለት ይከፈታል፤ ያኔ ይታጨዳል። ያለ ጊዜው ገብቶ ያጨደ ይቀጣል።

አያችሁ፣ ጎጆውን አግዝፎ ከመሥራትና ይህን ከማሳየት የቱ ይሻላል? አንድ ሕዝብ ሣሩን ላለመጨረስ ራሱን እንዴት እንደሚገዛ የሚያሳይ ክፍል ቢኖር እኔ ራሴ ከፍዬ እገባለሁ።

ከምልክት መራቅ አለብን ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በ1967 ሞንትሪያል ላይ ኢትዮጵያ የቆመችው በቀይ ድንኳን ቅርጽ ነበር። ይህን እወደዋለሁ። ድንኳን ከድሮም ቢሆን ሊነቀል ነው የሚተከለው፤ ቅርጹና ሥራው አንድ ናቸው። ጀበናው ላይ የጎደለኝ ይሄ ነው።

ዳስ መሆኑን መርሳት

የዓለም ኤክስፖ በየአምስት ዓመቱ ይካሄዳል፤ ቢበዛ ስድስት ወር ይቆያል። ከዚያ በኋላ አዘጋጁ ቦታዬን አጽዱልኝ ይላል። ተማሪዎቼ ግን መሠረቱን ሦስት ሜትር ቆፍረው፣ ኮንክሪት ሞልተው፣ እምነበረድ አንጥፈው ይመጣሉ። ቤት ነው የሠሩት። የተጠየቁት ዳስ ነው።

ዳስ እንዴት እንደሚጣል ሰፈራችን ካለ አንድ አዛውንት በላይ የሚያውቅ አላየሁም። የጎረቤት ሠርግ ደርሶ አጠና ተሸክመን ስንመጣ እኔ መዶሻና ሚስማር ይዤ ቀረብኩ። ጋሼ እጄን ያዙት።

«ልጄ፣ ይሄ አጠና የማን ነው?»

«የተዋስነው ነው።»

«ታዲያ ሚስማር የመታህበትን ማን ይቀበልሃል?»

በገመድ አሰርነው። በሦስተኛው ቀን ተፈቶ ለባለቤቱ ተመለሰ፤ አንድም ቀዳዳ የለበትም።

ፒተር ዙምቶር በ2000 ሃኖቨር ላይ ለስዊዘርላንድ የሠራውን ባየሁ ቁጥር እኚህ ሰው ናቸው ትዝ የሚሉኝ። አዲስ የተሰነጠቀ ጣውላ ልክ እንጨት መሸጫ ግቢ እንደሚከመረው ተደራርቦ ግድግዳ ሆነ። ሚስማር የለም፣ ሙጫ የለም። በብረት ዘንግና በሞላ ተጨምቆ ነው የቆመው። እንጨቱ እየደረቀ ሲኮማተር ሞላው ይከተለዋል። ኤክስፖው ሲያልቅ ጣውላው ተፈትቶ ተሸጠ። ሆላንዶች ደግሞ ዱባይ ላይ የብረት ግድግዳውን ተከራይተው ሠሩ፤ ሲጨርሱ መለሱ። ያው የእድር ድንኳን ማለት ነው።

ሌላውን ታሪክ የምነግራችሁ በራሳቸው ለሚተማመኑ ልጆች ነው። እዚያው ሃኖቨር ላይ ጃፓናዊው ሺገሩ ባን አዳራሹን በወረቀት ቱቦ ሠራ፤ ከፈረሰ በኋላ ቁሳቁሱ ተመልሶ ጥቅም ላይ እንዲውል አስቦ። የጀርመን ባለሥልጣናት ግን ወረቀቱን ብቻውን አላመኑትም። የእንጨት ቅስት ተጨመረበት፤ ከወረቀቱ ክዳን ላይም የፕላስቲክ ሸራ ተደረበ። ማለትም የአገሩን የሕንፃ ሕግ ቀድማችሁ ካላነበባችሁ ንድፋችሁን ሌላ ሰው ይጨርስላችኋል።

አፍርሶ የተጸጸተም አለ ታዲያ። ሚስ ቫን ደር ሮህ በ1929 ባርሴሎና ላይ የሠራው የጀርመን ፓቪሊዮን በ1930 ተነቀለ። ከዓመታት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ተሠርቶ በ1986 ተከፈተ። ግን ይህ የሚሆነው ለስንት አንዱ ነው። እናንተ ለመፍረስ ንደፉ።

ወረፋውን የሌላ ሰው ጣጣ ማድረግ

ይህኛውን ከራሴ ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት ለአንድ ባዛር የማሳያ ቤት ሥራልን ተባልኩ። ኮምፔንሳቶ ጎጆ ሠራሁ። ያዘዙኝ ሰዎች «በሩ አንድ ይሁን፣ ዕቃ እንዳይወጣብን» አሉ። እሺ አልኩ። ቡና አፍይዋንም «እንግዳ ትቀበል» ብለን በሩ አጠገብ አስቀመጥናት። ረከቦቱ፣ ከሰሉ፣ ቄጤማው፣ ሁሉም በር ላይ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ጉዳችን ወጣ። ቡናውን የሚጠብቀው በር ላይ ቆመ። ውስጥ ያለው መውጣት አቃተው። ውጭ ያለው ውስጡ የሞላ መስሎት ተመልሶ ሄደ፤ ውስጥ ግን ከመሃል ወዲያ ባዶ ነበር! አንድ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ሊገባ ሲል የልጁ ግንባር ጉበኑን መታው። ያን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ።

ስለዚህ ከመሣላችሁ በፊት አስሉ። ክፍላችሁ 60 ሰው ይይዛል እንበል። አንዱ 12 ደቂቃ ይቆያል። በሰዓት 300 ሰው ነው፤ በአሥር ሰዓት 3,000። አሁን ሻንጋይን አስቡ፤ በስድስት ወር ውስጥ 73 ሚሊዮን ጎብኚ ነው የገባው። በቀን በአማካይ ወደ 400,000 ማለት ነው። አብዛኛው ሰው የእናንተን ፓቪሊዮን የሚያውቀው ቆሞ በጠበቀበት ልክ ነው። ጥላ አለው ወይ? መቀመጫ አለው ወይ? ቆሞ ሳለ ምን ያያል? በ2025 ኦሳካ ላይ ሱ ፉጂሞቶ የነደፈው የእንጨት ቀለበት ዙሪያው ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው ከሥሩ ከፀሐይም ከዝናብም ተጠልሎ ይሄዳል። እኔ እንደሚመስለኝ ኤክስፖው ላይ ከነበሩት ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር እሱ ነው።

መግቢያና መውጫ ደግሞ ለየብቻ። ቡናው መጨረሻ ላይ፣ ከመውጫው አለፍ ብሎ።

የራስን ሰፈር አየር ይዞ መሄድ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያደገ ልጅ ሲነድፍ ሳያስበው ፀሐይ ይለቅማል። መስኮቱን ወደ ምሥራቅ ይከፍታል፤ ግድግዳውን ያወፍራል። እኔም አደርገዋለሁ፤ ጥዋት ጥዋት በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሶ ፀሐይ የሞቀ ሰው ይህን መርሳት ይከብደዋል። ሪያድ ላይ ግን ያ መስኮት ምድጃ ይሆናል። ዱባይ «ኤክስፖ 2020»ን ያካሄደችው ከጥቅምት 2021 እስከ መጋቢት 2022 ነው። የተራዘመው በኮሮና ምክንያት ነው፤ ወራቱ ግን ከመጀመሪያውም የተመረጡት ሙቀቱን ለመሸሽ ነው። በ1992 ሴቪያ ላይ ኒኮላስ ግሪምሾ የእንግሊዝን ፓቪሊዮን የመስተዋት ግድግዳ ውሃ አወረደበት። ውሃው ግድግዳውን ያቀዘቅዛል፤ ፓምፑን የሚያሠራው ጣሪያው ላይ ያለው የፀሐይ ኃይል ነው። ያቃጠለህን ፀሐይ ማብረጃ አድርጎ መጠቀም፣ ብልጠት ነው።

እግረ መንገዴን ስለ እሳት ልበል። የሣር ክዳን ሥር ከሰል ማቀጣጠል ቤታችን ለምዶብን ነው። ሞንትሪያል ላይ ባክሚንስተር ፉለር ለአሜሪካ የሠራው ሉል መሰል ቤት በ1976፣ ጥገና ላይ ሳለ፣ በብየዳ ምክንያት ተቃጠለ። የአክሪሊክ ልባሱ ነዶ አለቀ፤ የብረት አጥንቱ ብቻ ቀረ። አሁን ሙዚየም ነው። ስለዚህ ጓሳ ከወሰዳችሁ ሰው የሚዳስሰው ግድግዳ ላይ ይሁን፤ ቡናው ደግሞ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ። አዎ፣ ቅር ይላል።

ሁሉን ለማለት መሞከር

ሉሲ፣ ላሊበላ፣ ዓድዋ፣ ግድቡ፣ ቡናው፣ ሯጮቹ፣ አሥራ ሦስቱ ወር። ሁሉም ግድግዳ ላይ፣ ሁሉም ከረጅም ጽሑፍ ጋር። ቆሞ የሚያነብ የለም። በ2015 ሚላን ላይ ኢትዮጵያ የገባችው ቡና አምራች አገሮች በአንድነት በቆሙበት ክፍል ነው። ቦታው ጠባብ ቢሆንም ርዕሱ አንድ መሆኑ ይጠቅማል። በዚያ ላይ ቡናን እኛ ካላወራን ማን ያወራዋል?

ቀኑን መናቅ

የሠርጉ ቀን ደርሶ ዳሱ ያልቆመለት ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ኦሳካ ላይ በራሳቸው ሊገነቡ አስበው የነበሩ አገሮች ወጪው ሲንርና ሠራተኛ ሲጠፋ አዘጋጁ ወደሠራቸው ቀለል ያሉ ቤቶች ዞረዋል። ኔፓል ፓቪሊዮኗን የከፈተችው ኤክስፖው ከተጀመረ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ግማሹ ጊዜ አለፈ ማለት ነው። አቅም ከሌለ የተዘጋጀውን ቤት ወስዶ ውስጡን ማሳመር ነውር የለውም።

ባዶ ወረቀት የሰጠኝ ልጅ ባለፈው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ንድፉ ሁለት በር አለው። የወረፋው መንገድ ግራና ቀኙ ወገብ ድረስ በደረቅ ካብ ታጥሯል፤ ሰው እየጠበቀ ይደገፍበታል፣ ስባሪዋን ይነካካል። ሰው እንዲቀመጥበትም አልፎ አልፎ ካቡ ዝቅ ይላል። ወድጄው ሳለ ላጣብቀው ፈለግሁና «ድንጋዩን ከመንዝ ሪያድ ድረስ በምን ልትጭነው ነው?» አልኩት።

«ድንጋይማ እዚያም አለ፣ ቲቸር» አለኝ። «የምንልከው ካቢዎቹን ነው። ኤክስፖው ተከፍቶ ሳለ ይክቡ፤ ሰው ያያቸዋል።»

ጣሪያውን ገና አልነደፈም።